ጃንጥላ ከጣሪያ በታች

መሐንዲሱ ከረባቱን አጠበቀ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሳሎኑ መሃል ቆሞም አስታወቀ፦ «የዓሣው ገንዳ አምፖል መቀየሩ ይታወቃል።» ማንም አልተቃወመም። «ዛሬ ደግሞ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኮራላችን ሞቷል።»

ሟቹ መስታወቱ ውስጥ፣ አለት ላይ ተቀምጧል። ለማያውቀው ድንጋይ ነው፤ ለሚያውቀው ግን በብርሃን የሚያድግ የባሕር እንስሳ። ቡናማ የነበረው ገላው እንደ ኖራ ነጥቷል። ገንዳው አጠገብ የፈሳሽ ሳሙና ጠርሙስ ተገኝቷል። ሳሙናው አብረውት የሚኖሩት የአማቱ፣ የሚስቱ እናት ነው።

ስለዚህ ፍርዱ ምርመራውን ቀደመው። የአማቱ ሻንጣ ተዘግቶ በሩ ሥር ቆመ፤ ከእንግዲህ ታናሽ ልጃቸው ጋ እንዲኖሩ ተወሰነ። ይቅርታ ከጠየቁ ግን ይታሰብበታል።

አማቱ ሻንጣው ላይ ቁጭ አሉ። «ላልገደልኩት ይቅርታ አልልም። ፖሊስ ጥሩልኝ!»

ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው ጎረቤት የወንጀል መርማሪ ናት። የዕረፍት ቀኗ ስለነበር በነጠላ ጫማ ወረደች።

«ሬሳው የት ነው?»

መሐንዲሱ በአገጩ አሳያት። አምፖሉ አልበራም፤ መሐንዲሱ ከሥራ ሲመለስ ገንዳውን እንዲያይበት፣ ሲመሽ በራሱ የሚበራ ነው። መርማሪዋ ኮራሉን ከላይ አየችው፤ ቀጥላ ተንበርክካ ከሥር አየችው።

«ዓሣዎቹ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው። እነሱን ምን አገባቸው?»

«ሰው ሲሞት ጎረቤቱ ይጠየቃል።»

ልትነሳ ስትል ጉልበቷ ምንጣፉ ላይ የሰረጎደ ቦታ ነካ። ዙሪያውን በመዳፏ ዳሰሰች።

ሚስትየዋን ወጥ ቤት አገኘቻት። «እማዬን እወዳታለሁ» አለች ሚስት፣ «ግን አርጅታለች። ቴሌቪዥን ስታይ ጃንጥላ ትዘረጋለች፣ እዚሁ ሳሎን ውስጥ! እንዲህ ያለ ሰው ኮራል በሳሙና ቢያጥብ ይገርማል?»

«ጣሪያው ያፈሳል እንዴ?»

«ኧረ አያፈስም!»

«አምፖሉስ?»

ሚስት ማንኪያ ማድረቅ ጀመረች። ማንኪያው ደረቅ ነበር። «አምፖሉማ ደብዛዛ ነው። ሻማ በይው።»

አምፖሉን የሸጠው የመሐንዲሱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሰፈሩ «ዋት» ይለዋል። ስለ ሙያው ሲጠየቅ ፊቱ በራ። «ገዢ ሁሉ ጉልበት ጉልበት ይላል። ኮራል ግን አዲስ ብርሃን ድንገት አይወድም። ሰማያዊውን ማብዛት፣ ነጩን መቀነስ፣ ከሃያ በመቶ ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር ነው።»

«ወንድምህ እንደዚያ አደረገ?»

«ወንድሜ መሐንዲስ ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

ዋት አንገቱን ደፋ። «ታላቄ ነው» አለ።

አማቱ ከሻንጣው አልተነሱም።

«ሳሙናውስ፣ እማማ?»

«መስታወቱን በውጭ በኩል ወለወልኩበት። ነገም እወለውልበታለሁ።»

«ጃንጥላውስ?»

«አንድ ቀን ተናገርኩ፤ ዝም በይ ተባልኩ። ዝም ብዬ ዘረጋሁት።» ሻንጣውን በመዳፋቸው መቱ። «ይሄን የዘጋ ሰው፣ ራሱ ተሸክሞ ክፍሌ ይመልሰዋል።»

ሊመሽ ሲል መርማሪዋ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች።

«ሳሙና ውሃው ውስጥ ቢገባ መጀመሪያ የሚያልቁት ዓሣዎቹ ነበሩ። እነሱ እራት እየጠበቁ ነው። ደግሞም ውሃ ውስጥ የገባ መርዝ ሁሉንም ያዳርሳል፤ ሟቹ ግን የነጣው ከላይ ብቻ ነው። በራሱ ጥላ የተሸፈነው ሆዱ ዛሬም ቡናማ ነው። ከላይ የሚመጣ፣ ጥላ የሚያግደው ገዳይ ምንድን ነው?»

መርማሪዋ ወደ ሶፋው ዞረች።

«ሶፋው ያውቀዋል። ድሮ ቦታው እዚህ ነበር፣ ገንዳው ፊት ለፊት፤ እግሮቹ ምንጣፉን አሰርጉደውታል። አሁን እዚያ ግድግዳ ጋ፣ ለገንዳው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ከሻማ የሚሸሽ ሶፋ አይቼ አላውቅም።»

«ለውበት ነው ያዞርነው!» አለ መሐንዲሱ። «አምፖሉን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፤ ሥራዬንም አውቃለሁ። ሃያ በመቶ ነው!»

«ሃያ ነው» አለች ሚስት።

ዋት ኮርኒሱን አየ።

«እማማ በጃንጥላቸው ምን እንደሚከላከሉ የጠየቀ አለ?»

«ነገርኩሽ እኮ» አለ መሐንዲሱ፣ «አርጅተዋል! አምፖሉ ሃያ—»

ገንዳው ላይ አምፖሉ ጠቅ አለ።

ሳሎኑ እንደ ኮራሉ ነጣ። የመሐንዲሱ እጅ ጌታውን ሳያማክር ደረት ኪሱ ውስጥ ገባ፤ ጥቁር መነጽር አወጣና ዓይኑ ላይ ሰካ። ዋት ፊቱን በክንዱ ከለለ። አማቱ ከሻንጣው ሳይነሱ ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ሚስትም፣ እንደ ለመደችው፣ ሄዳ ከሥሩ ተሸጎጠች።

አማቱ ጠጋ አላሉላትም፤ ጃንጥላውንም አላነሱባትም።