መቶ አመለጡኝ

በአርጋዛ መንግሥት ስድስቱ ምንጮች በየተራ ደርቀው ነበር። ሰባተኛው፣ የመጨረሻው ምንጭ፣ በአደን በዓል ዕለት እንደ ታመመ ሰው ሦስት ጊዜ ካሳለና ጭቃ ከተፋ በኋላ ዝም አለ። ከበሮው ቆመ። ሕዝቡም እንስራውን እንደ ታቀፈ እርስ በርሱ ተያየ።

የምንጩ ጠባቂ እማማ ሎሬ ከጭቃው ዳር ቆመው ጮኹ። «ዙምራዎቹን ጨረሳችኋቸው! እንግዲህ ምንጩን ማን ይጥረግላችሁ?»

ዙምራ ግመል የሚያህል፣ ቀንዱ እንደ ማረሻ ወደ ታች የታጠፈ አውሬ ነው። መሬቱን ሲቆፍር ውሃ ይፈልቃል፤ ሊጠጣ ሲመጣ የምንጩን ዓይን ይጠርጋል። የአርጋዛ ሰው ግን ይህን ሁሉ ረስቶ ሥጋው እንደሚጣፍጥ ብቻ ያስታውስ ነበር።

ደግሞ ክፉ ልማድ ነበራቸው። ጎበዝ ገድሎ ሲመጣ በንጉሡ አደባባይ ይፎክራል፤ ስንት እንደ ገደለ ብቻ ሳይሆን ስንት እንዳመለጡትም ይናገራል። ንጉሡም ባመለጡት ልክ የመጪውን ዓመት አደን ይፈቅዳሉ። ታዲያ ጥቂት አመለጡኝ የሚል ማን አለ? ይሳቅበታላ! አንዱ ሃያ ሲል ሌላው ሠላሳ፣ አንዱ ሠላሳ ሲል ሌላው ስድሳ ይላል። ዙምራው በዱር እያለቀ በፉከራ ግን እየረባ ሄደ።

ዓምና ደግሞ ናዳሞ የሚባል አፈ ጮሌ ወጣት ተነሥቶ «አንዷን ጣልኩ፣ መቶ አመለጡኝ!» ብሎ አደባባዩን በእልልታ አናግቶት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ በጠጣ ቁጥር ትን ይለዋል።

ንጉሥ ቶርማን ከዙፋናቸው ተነሡ። «ናዳሞ! መቶ ያየኸው አንተ ነህ። እንግዲህ ሂድና ሁለት አምጣልን። በጉድጓድ የቀረን ውሃ ለሁለት ወር አይበቃም።»

የናዳሞ አፍ ግን ልማዱ ነውና ከልቡ ቀደመ። «ንጉሥ ሆይ፣ ባዶ እጄን ብመለስ ይህች ምድር አትቀበለኝ!»

እማማ ሎሬ ልጃቸውን ዘምበራን መንገድ እንድትመራ ሰጡት፤ ንጉሡ ደግሞ ዕድሜውን በአደን የፈጀውን አበጋዝ ቁምጣርን ጨመሩለት። ሲሰናበቱ እማማ ሎሬ ናዳሞን ወደ ጥግ ሳብ አደረጉት።

«የኔ ልጅ፣ ዙምራዎች ካሉ፣ ምላሽ ከሚባለው ገደል ማዶ ነው ያሉት። ገደሉ ድልድይ የለውም። እውነት ስትነግረው መርገጫ ድንጋይ ያወጣልሃል፤ ያንኑ እውነት ሁለት ጊዜ አይቀበልህም። የተናገርክበትንም ድምፅ አይመልስልህም። አስበህበት ሂድ።»

በሰባተኛው ቀን ገደሉ አፋፍ ደረሱ። ከታች ደመና ይተኛል፤ ከደመናው በታች ያለውን ያየ የለም።

አበጋዝ ቁምጣር ደረቱን ነፋ። «ዞር በሉልኝ! በአንድ ጦር ሦስት አንበሳ ሰክቻለሁ!»

ገደሉ ጭጭ አለ።

«እሺ፣ ሁለት!»

ጭጭ።

«አንድ! ያውም ደቦል! አሁንስ?»

ጠጠር እንኳ አልወጣም። ዘምበራ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

«ይሄ ገደል ደንቆሮ ነው» አለ አበጋዙ፤ ድንጋይ ፈልጎም ተቀመጠ። «እኔ እዚሁ ስንቅ እጠብቃለሁ።»

ናዳሞ ወደ አፋፉ ቀረበ። «አንዲት ዙምራ ገድያለሁ» አለ። ከደመናው ውስጥ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ብቅ አለ። ረገጠው።

«አርጅታ ነበር።» ሌላ ድንጋይ።

«ብቻዋን ምንጭ እየጠረገች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና መቆፈሯን ቀጠለች። ጦሬ ሲያርፍባት እንኳ ቀንዷ ጭቃው ውስጥ ነበር።»

ድንጋዮቹ እስከ ገደሉ አጋማሽ ተደረደሩ፤ ዘምበራም ከኋላው ተከተለችው። እዚያ ላይ ቆመ፤ ወደ ኋላ አልዞረም።

«አንድም አላመለጠኝም። ሌላ አልነበረም።»

የቀረው መንገድ በአንድ ጊዜ ተሞላ። ማዶ ሲደርሱ የናዳሞ ድምፅ ሻክሮ ነበር።

«መቶ ብለህ ነበር» አለች ዘምበራ።

«ብዬ ነበር።»

«ወንድሜ ያንን መቶህን ፍለጋ ሄዶ በረሃ ላይ በውሃ ጥም ቀረ።»

መልስ ሳትጠብቅ ቀድማው ሄደች።

ማዶ ያለው ደን ጉድ ነው። ትንኙ ዶሮ ያክላል፤ ዛፉን ለመዞር ግማሽ ቀን ይፈጃል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ኮቴ ፈለጉ። በአሥረኛው ቀን ዘምበራ የተደፈነ ምንጭ አግኝታ ተንበረከከችና ጭቃውን በእጇ ትጠርግ ጀመር። ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ። አንድ ኮርማና አንዲት ጊደር መጡና በቀንዳቸው ያግዟት ያዙ። ከሁለቱ በቀር ሌላ አልመጣም፤ የቀሩት እነዚሁ ነበሩ። ውሃው ሲፈልቅ ዙምራዎቹ ተከተሏት። ናዳሞ ከሩቅ ሆኖ አለቀሰ።

ገደሉ ዘንድ ሲመለሱ ድንጋዮቹ ሰጥመዋል።

«አሁን እኔ ልናገር» አለች ዘምበራ። «ድምፅህ እኮ እያለቀ ነው።»

«አንቺ እነሱን ምሪ። ይሄ የኔ ነው።»

ከልጅነቱ ጀምሮ የዋሸውን ሁሉ አንድ በአንድ አወጣው፤ በአንዱ እውነት አንድ ድንጋይ፣ ባንዱ ድንጋይ አንድ ኮቴ። ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። ለመጨረሻው እርምጃ የቀረችውን ትንፋሽ ሰበሰበ።

«ፈርቼ ነው መቶ ያልኩት። እንዳይስቁብኝ ነው።»

ድንጋዩ ወጣ። ዙምራዎቹ ተሻገሩ። ናዳሞም ተሻገረ፤ ከዚያች ቀን በኋላ ግን አንዲት ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም።

አበጋዙን ይዘው አርጋዛ ሲደርሱ ጊደሯ ቀንዷን ጭቃው ውስጥ ሰካች። ሰባተኛው ምንጭ እየተንፎለፎለ ፈነዳ። ሕዝቡ ናዳሞን በትከሻው ተሸከመው። ንጉሥ ቶርማንም በደስታ እጃቸውን ዘረጉ።

«መቶ አመለጡኝ ብሎን ነበር፤ ሁለቱን አመጣ። እንግዲያውስ ዘጠና ስምንቱ እዚያው አሉ! አደን ተፈቅዷል!»

ጎበዛዝቱ ጦራቸውን አነሡ። ናዳሞ ከትከሻቸው ላይ ዘሎ ወረደ፤ አፉን ከፈተ፤ ባዶ አየር ብቻ ወጣ። ራሱን ነቀነቀ፤ ሕዝቡ ትሕትና መሰለውና አብልጦ እልል አለ። ዘምበራ «ውሸት ነው!» ብላ ጮኸች። በአደባባዩ ሕግ ግን የአዳኝን ቃል የሚያፈርስ አዳኝ ብቻ ነው፤ የሰማትም አልነበረም። ናዳሞ ሮጦ ምንጩ ውስጥ ገባና በጦሮቹና በዙምራዎቹ መካከል እጁን ዘርግቶ ቆመ።

ያኔ አበጋዝ ቁምጣር ከሰዉ መሐል እየተንገዳገደ ወጣ። ቀይ ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«ንጉሥ ሆይ» አለ። «ልጁ ገደሉ ላይ ሲናገር ሰምቻለሁ። አንድም አላመለጠውም። እኔም ... እኔም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስፎክር አንድም አላመለጠኝም። አንበሳም ገድዬ አላውቅም።»

የሳቀ አልነበረም። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ጦሩን መሬት ላይ አስቀመጠ። «እኔንም አንድም አላመለጠኝም» አለ። ቀጥሎ ሌላው። ጦሮቹ እየተከታተሉ ሲወርዱ እንደ በረዶ ድምፅ አሰሙ።

ንጉሡ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ታዲያ ስንት ናቸው ያሉት?»

«ሁለት» አለች ዘምበራ።

በዚያው ዕለት አደን ቀረ። በአርጋዛ አደባባይ ስንት ገደልኩ ማለት ነውር ሆነ፤ ስንት እንዳሉ ጠብቆ ያየ ብቻ ይናገራል። በአምስተኛው ዓመት ሰባቱም ምንጮች ፈለቁ፤ ዘምበራም «ዘጠኝ ሆኑ» ብላ ስትናገር ሕዝቡ ቆሞ አለቀሰ።

ናዳሞ የዙምራዎቹ ጠባቂ ሆነ። ነገር ግን ጊደሯ፣ ጠረኑ ይሁን ሌላ ማን ያውቃል፣ እሱ በሚታይበት ቦታ አንድ ቀን እንኳ ውሃ ጠጥታ አታውቅም። ስለዚህ ዕድሜ ልኩን ከኮረብታው ጀርባ ተቀምጦ ጠበቃት፤ ስትጠጣ አላየም፣ ድምፁን ብቻ ይሰማ ነበር።