ጉልቤራን ያከሳችው አዛዥ

በዛግሜራ ምድር፣ በንጉሥ ዘርአምባ ዘመን፣ አንድ ማለዳ ፀሐይ አረፈደች። ዶሮዎች ጮኸው ጮኸው ድምፃቸው ተዘጋ። የሰማይ ሊቃውንት መጻሕፍታቸውን አገላበጡ፤ ሕዝቡም ወደ ምሥራቅ አንጋጦ ቆመ። እመቤት ፀሐይ ግን በሁለት ሰዓት፣ ያለ አንዳች ይቅርታ፣ ከተራራው ኋላ ብቅ አለች። በሳምንቱ በሦስት ሰዓት ወጣች። ከዚያም በአራት።

ምክንያቱ ወዲያው ታወቀ። በየማለዳው ፀሐይን የሚቀሰቅሳት የንጋት ነጋሪት ከግምጃ ቤት ተሰርቆ ነበር። ሌባው ጉልቤራ ነው፤ ዘጠኝ ጆሮ ያለው፣ ቆዳው እንደ እርጥብ ድንጋይ የሚያብለጨልጭ የእምባር ተራራ አውሬ። ያን ቀን ገና ፍየል ያህል ነበርና በምሥራቁ ትንሽ በር ሾልኮ ገብቶ ነጋሪቱን ነክሶ ወጣ።

ንጉሡ ሰይፉን መዝዞ ማለ፦ «በሩን ክፍት የተወ ሰው ቢገኝ ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል! እግሩም የዚህችን ከተማ ደፍ ዳግመኛ አይረግጥም!» መርማሪዎቹ ግን አውሬው በአስማት ግንብ ሰንጥቆ ገብቷል ብለው ደመደሙ። እንዲህ ካሉ ከወንበራቸው ተነሥተው በር ማየት አያስፈልጋቸውም።

የበሩ ጠባቂ ሐመልታ የምትባል የሃያ ዓመት ወጣት ነበረች። ያን ቀን በአደባባይ የዘበኞች የፉከራ ውድድር ስለነበረ በሩን ትታ ሄደች። አንደኛ ወጣች። ነጋሪቱም ወጣ። ይህን ከእርሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እናቷም፣ ቤቷም፣ በጠራችው ቁጥር ደረቷን የሚያስነፋት ስሟም ያሉት ከግንቡ ውስጥ ነውና አፏን ዘጋች።

ሦስት ሠራዊት ዘመተ፤ ሦስቱም ሸሽቶ ተመለሰ። የመጀመሪያው አውሬው በሬ ያክላል አለ፣ ሁለተኛው ቤት፣ ሦስተኛው ኮረብታ። ፀሐይ ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት መውጣት ስትጀምር ሐመልታ ከዙፋኑ ፊት ተንበርክካ «ጃንሆይ፣ እኔ እሄዳለሁ!» አለች። ነጋሪቱ ከተመለሰ ስለ በሩ የሚጠይቅ አይኖርም ብላ ነው። ሰው ሁሉ ጀግንነት መሰለው።

ንጉሡም የተረፈውን ሰጣት። ጎምዛርን፣ ግንባሩ ላይ ትልቅ ጠባሳ ያለውንና ከሦስቱም ዘመቻ ቀድሞ የተመለሰውን ግዙፍ ጦረኛ፤ ሽምሬን፣ ስለ ዒላማው ሲያወራ የሚውለውን ቀጭን ቀስተኛ፤ እትዬ ዳርሴንም፣ በቃሏ እሳት የምታስነሣውን አሮጊት አስማተኛ። አንዲት በቅሎም ተጨመረች፤ ከአራቱ ጋር ስትወዳደር ጨዋዋ እርሷ ነበረች።

በዛግሜራ አዛዥ ማለት ቀድሞ የሚበላ፣ ምቹው ቦታ ላይ የሚተኛ፣ ነገር ሲበላሽም ከሁሉ በላይ የሚጮኽ ነው። ሐመልታ ሌላ ዓይነት አዛዥ አይታ አታውቅም።

«አለቃ፣ ገንፎው የት ሄደ?» አለ ሽምሬ በሁለተኛው ቀን።

«አዛዥ ቀድሞ ይበላል።»

«ቀድሞ ነው እንጂ ብቻውን አላሉም!»

በሦስተኛው ቀን ጎምዛር ከፊት ለብቻው፣ ሽምሬ ከኋላ ለብቻው ይጓዝ ነበር። እትዬ ዳርሴ የምታነጋግረው በቅሎዋን ብቻ ነው።

እንዲህ ሆነው እምባር ተራራ ደረሱ። ጉልቤራ ሸለቆውን ሞልቶ ተጋድሟል። የዛግሜራ ጦረኛ ሳይፎክር ሰይፍ መምዘዝ ነውሩ ነውና ጎምዛር ወደ ፊት ወጣ። «ዘራፍ! እኔ ጎምዛር፣ ነብር ግንባሬን ቢቧጥጠኝ በጥርሴ የጣልኩት!» አውሬው አንድ ክንድ ጨመረ። ሽምሬ ፎከረ፤ ሌላ ክንድ ጨመረ። ከዚያ የውድድሩ አሸናፊ ሐመልታ አፏን ከፈተች። ስትጨርስ ሰማዩ አይታይም ነበር።

ሮጠው ዋሻ ገቡ። አውድማ የሚያክል ጆሮ ተከትሏቸው ገባ።

«አንተ ቀስተኛ! ለምን አልወረወርክም?» ብላ ጮኸች ሐመልታ።

ሽምሬ አንገቱን ደፋ። «ፍላጻዎቹን ቤት ረስቻቸዋለሁ፣ አለቃ። ኮሮጆዬ ውስጥ ያለው ቅያሪ ሱሪ ነው።»

ጆሮው ሲጥጥ ብሎ ተሸበሸበ።

ሁሉም ተያዩ። ሐመልታ ግንባሯን መታች። «ጉድ እኮ ነው! ይህ ፍጡር የሚወፍረው በፉከራ ነው! ሦስት ሠራዊት ልከን ስንቀልበው ከርመናል። የሚያከሳው ደግሞ ጥፋት ማመን ነው። በሉ፣ ጥፋታችሁን ተናገሩ! ትእዛዝ ነው!»

ጎምዛር እጁን አጣመረ። «ለገንፎው ቀድመሽ የለም? ለዚህም ቅደሚያ።»

ሐመልታ ፊቷ ቀላ። «ትናንት መንገድ የሳትነው በእኔ ነው። ካርታውን ገልብጬ ይዤ በቅሎዋን ተቆጣሁ።»

አውሬው ስንዝር ጎደለ። «በቅሎዋ አውቃለች፤ ነግራኛለች» አለች እትዬ ዳርሴ።

«ነብር አይደለም» አለ ጎምዛር በመጨረሻ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ።

«ምኑ?»

«ጠባሳው። ዶሮ ናት። አውራ እንኳ ቢሆን ምን አለ! ጫጩቶቿን ረግጬባት ነው።»

ኮረብታው ተንዶ ቤት አከለ። እትዬ ዳርሴም ተነፈሰች፦ «የድግምቱን ግማሽ አላውቀውም፣ ልጆቼ። መምህሬ ሲያስተምሩኝ እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር። የጎደለውን በማጉረምረም ነው የምሞላው።» ቤቱም በሬ አከለ። አራቱ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንዱ የሌላውን ጉድለት ሲያውቅ ለካ የሚደግፈው የት ላይ እንደሆነም ያውቃል። ሽምሬ ሱሪውን እንደ ገመድ ገመደ፤ እትዬ ዳርሴ በምታውቀው ግማሽ ድግምት ጭስ አስነሣች፤ ጎምዛርም በጭሱ ተሸፍኖ አውሬው አንገት ላይ ሱሪውን ጠመጠመ።

ነጋሪቱ ግን ገና ከአውሬው ሆድ ውስጥ ነበር፤ ሲወፍር ውጦታል። ፀሐይዋ ገና ወጥታ ሳትጨርስ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች።

«ሌላ ጥፋት ያለው?» ብላ ጮኸች ሐመልታ።

«ጨርሰናል! እኔ የሠርጌ ዕለት ጥፋት እንኳ አልቀረኝም!» አለች እትዬ ዳርሴ።

«አለቃ፣ ፍጠኚ!» አለ ጎምዛር እያቃሰተ። «የያዝኩት መስሎሻል፤ እሱ ነው የያዘኝ!» የጎድን አጥንቱ ሲንቋቋ ይሰማ ነበር።

ሐመልታ የእናቷን ደጃፍ አሰበች። በመዝገቡ ላይ ያለውን ስሟን አሰበች። ከዚያም በፉከራ አሸንፋበት በማታውቀው ቀጭን ድምፅ፦

«የምሥራቁን በር ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ። ለፉከራ ሄጄ።»

ጉልቤራ እንደ ተበሳ አቁማዳ አፏጨ። ነጋሪቱ ከአፉ ተወርውሮ ወጣ፤ እርሱም ድመት አክሎ ድንጋይ ለድንጋይ ሮጠ።

ሽምሬ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ የሰማሁት ነፋስ ነው።»

«ኃይለኛ ነፋስ» አለ ጎምዛር መሬት ላይ እንደተዘረረ።

«ስሙኝ» አለች ሐመልታ። «ይህን ደብቃችሁ ጀግና ብታስብሉኝ ያ ድመት በወሩ ኮረብታ ይሆናል። ለንጉሡ ሁሉንም ንገሩት። የዶሮዋንም ጭምር።»

«የዶሮዋንም?!»

«ትእዛዝ ነው፣ ወንድሜ።»

ነጋሪቱ ተመታ፤ ፀሐይም በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ እንደ ደንቡ፣ ወጣች። ንጉሡ አለቀሰ፤ መሐላ ግን መሐላ ነውና ስሟ ተፋቀ። ሐመልታ ከግንቡ ውጭ ጎጆ ቀለሰች። እናቷ በየቀኑ እስከ በሩ ትመጣለች፤ አንዷ ከደፉ ወዲህ፣ አንዷ ከደፉ ወዲያ ቆመው «ከስተሻል፣ አልከሳሁም» ይባባላሉ። ስትመለስ እናትም ልጅም ዐይናቸውን የሚጠርጉት ዞር ብለው ነው።

ሦስቱ ባልደረቦቿ ግን በሳምንቱ ጓዛቸውን ጠቅልለው መጡ። ከዚያ ወታደሮች አንድ ሁለት እያሉ መጡ። በመጨረሻም ሦስተኛውን ሠራዊት የመሩት ታላቅ አዛዥ ኒሻናቸውን ደርድረው ከጎጆዋ ደጃፍ ቆሙ።

«ልጄ፣ እንዲህ ያለ ጦር እንዴት እንደሚሠራ አስተምሪኝ።»

«ስንት ጥፋት ይዘው መጡ?»

አዛዡ አሰቡ፤ ጺማቸውን አሻሹ። «አንድ። እሷም ትንሽ ናት።»

«ይመለሱና በደንብ ይፈልጉ» አለች ሐመልታ። «ካጡ ባለቤትዎን ይጠይቁ።»