ወንዙ ማዶ

በመስከረም፣ በጎቹ ከተራራ በወረዱበት ቀን፣ በድንጋዩ ጉረኖ ውስጥ ጋሽ ኬቲል፣ ልጃቸው ራንቬይግ፣ እናቴና እኔ ኦርም ነበርን። በስተ ሰሜን ትልቁ የበረዶ ተራራ ከሰማይ ጋር ገጥሞ ተኝቷል። ከሥሩ የሚወጣው ግራጫ ወንዝ ጥቁሩን አሸዋ ለሁለት ከፍሎ ወደ ባሕር ይወርዳል። ያኔ እነ ጋሽ ኬቲል ከወንዙ ምሥራቅ፣ እኛ ከምዕራብ እንኖር ነበር።

እኛ አይስላንዳውያን በግ የማን እንደሆነ የምንለየው በጆሮው ቁርጥ ነው። ጋሽ ኬቲል የአንዲት ነጭ ግልገል ጆሮ ይዘው ጮኹ።

«ኦርም! እናቲቱ ያንተ፣ ግልገሏ ላይ ግን የልጄ ምልክት! ሌባ ልታሰኘኝ ነው?»

በግንቦት የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ራንቬይግን እንደምወዳት በአፌ መናገር አቅቶኝ ነበር።

«አልተሳሳትኩም፣ ጋሼ» አልኩ ጫማዬን እያየሁ። «ለእሷ ብዬ ነው።»

ራንቬይግ ፊቷ ቀላ። «ከግንቦት ጀምሮ ዝም? በግ ካንተ ይሻላል፤ እሱ እንኳ ይጮኻል!»

እናቴ ሳቀች። ጋሽ ኬቲል አልሳቁም።

«አንተን አልጠላሁም፣ ልጄ። ግን ያ ወንዝ ወንድሜን በልቶብኛል። ልጄን ከወንዙ ማዶ አልድርም።»

እኔም እናቴን ብቻዋን ትቼ መሻገር አልችልም ነበር።

«እንግዲያው ግልገልህን ውሰድ» አሉኝ።

«ምልክቱ የኔ ነው» አለች ራንቬይግ፤ አቅፋት ሄደች።

በጥቅምት ወንዙ የተበላሸ እንቁላል ሸተተ። ከበረዶው ሥር እሳተ ገሞራ ሲነቃ እንዲህ ነው፤ በረዶው ቀልጦ ጎርፍ ይመጣል። በጎቹን እየነዳን ከቤታችን በላይ ወዳለው ዐለት ወጣን።

ውሃው መጣ። ቤት የሚያህሉ የበረዶ ቋጥኞች እንደ ቡሽ ተንሳፈፉ፤ ዐለቱ ከእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ውሾቹ እንኳ ጸጥ አሉ። እናቴ በአክብሮት ሻሿን አወለቀች። ከማዶ ኮረብታ ላይ አንድ ቀይ ሻርፕ ሲውለበለብ አየሁ። የራንቬይግ ነበር። እኔም ኮቴን አውልቄ አውለበለብኩ።

ውሃው ሲጎድል ወንዙ በቦታው አልነበረም። ከቤታችን ኋላ፣ በስተ ምዕራብ፣ አዲስ መንገድ ቀዶ ይፈስ ነበር። በእኛና በእነሱ መካከል የቀረው እርጥብ አሸዋና የሚያንጸባርቅ የበረዶ ክምር ብቻ ነው።

አሸዋው ሲጠነክር ጋሽ ኬቲል በእግራቸው መጡ። ራንቬይግ ግልገሏን አስከትላ ከኋላቸው ነበረች። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ በረዶው ተራራ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ከወንዙ ማዶ አልድርም ነው ያልኩት» አሉ ቀስ ብለው። «ማዶው የታለ?»

ራንቬይግ ወደ እኔ ዞረች። «ዛሬስ ትናገራለህ፣ ወይስ ሌላ ጆሮ ልትቆርጥ ነው?»

«አግቢኝ» አልኩ።

ከገና በፊት ተጋባን።