ለአንድ ሰው ዘጠና ቀን

ቧንቧ ሠራተኛውን የሰደበው የሚወዳት የልብስ ሰፊዋ ታላቅ ወንድም፣ ርእሰ መምህሩ ነው። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል፣ ቦታው የእህትየው ልብስ ስፌት ቤት በር ላይ። አራት ሴቶች ልብስ ሊለኩ ቆመው ነበር፤ አራቱም ሰምተዋል።

«ይሄን ነው የምታገቢው?» አለ ርእሰ መምህሩ፣ በአገጩ እየጠቆመ። «መዓት ይመጣል እያለ ቤቱን እህልና ውሃ የሞላውን? ይሄ ባል አይደለም፤ አይጥ ነው!»

ሴቶቹ ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም፤ ግን አፏንም አልከፈተችም። ያልተማረ ሰው ሰድቦህ ይረሳዋል፤ የተማረ ሰው ሰድቦህ ትክክል ነኝ ብሎ ያድራል። ቧንቧ ሠራተኛው ግን ከስድቡ ይልቅ የእሷን ዝምታ ይዞ ነው ቤቱ የገባው። የጋብቻ ጥያቄውን ካቀረበላት ሁለት ሳምንት አልፏል፤ መልስ አልሰጠችውም።

ከስምንተኛ ክፍል ላቋረጠ ሰው ዕውቀቱ ቧንቧ ነው። የተዋወቁትም በእሱ ነበር። ከዓመት በፊት የስፌት ቤቷ ቧንቧ ፈንድቶ፣ የሰው ቬሎ በሁለት እጇ ሰቅላ ይዛ፣ ወንበር ላይ እንደቆመች ደረሰባት።

«ውሃውን ልያዝ ቀሚሱን?»

«እኔን ያዘኝ፣ ወንበሩ ሊጥለኝ ነው!»

ያዛት። ከዚያ ወዲህ የማያንጠባጥብ ቧንቧ ሊጠግን በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሄድ ጀመር።

ለምን እንደሚያከማች ማንም ጠይቆት አያውቅም። ልጅ ሳለ ጎርፍ ድልድዩን ወስዶ ሰፈራቸው አሥራ አንድ ቀን ተቆርጦ ነበር። በስድስተኛው ቀን እናቱ ባዶ ጆግ ይዛ ሦስት በር አንኳኳች። ሦስቱም ቤት ሰው ነበረ፤ አንዱም አልከፈተም። የትኞቹ በሮች እንደነበሩ፣ ቀለማቸውን ጭምር፣ ዛሬም አይረሳም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልብስ ሰፊዋ ቤቱ መጣች። «ሰው ከሚነግረኝ ዓይኔ ይንገረኝ» አለች።

የጓዳውን በር ሲከፍት ቁልፉ ሁለት ጊዜ ከእጁ ወደቀ። ጀሪካኖቹ የተሞሉበት ቀን በወገባቸው ላይ ተጽፎ ተሰልፈዋል፤ የቆየው ከፊት፣ አዲሱ ከኋላ። ሩዝ፣ ምስር፣ ጨው፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ክብሪት፣ ባትሪ፣ የቁስል ፋሻ። እሷ መደርደሪያውን ታያለች፤ እሱ የእሷን ፊት እንደ ግፊት መለኪያ ያነባል።

ብርድ ልብሱን ነካች፤ አንድ ነው። ኩባያውን አነሳች፤ አንድ ነው። የጎማ ቦቱም አንድ ጥንድ።

«ስንት ቀን ያደርሳል?»

«ዘጠና ቀን» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

«ለስንት ሰው?»

«ለ… ለአንድ።»

ውጭ ደመናው አጉረመረመ።

«ዓመት ሙሉ ‹ያላንቺ አንድ ቀን አልኖርም› ስትለኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አንተ ለካ ዘጠና ቀን ያለእኔ ልትኖር ተሰናድተሃል።»

ያስተካከለ መስሎት አበላሸው። «ግዴለም፤ ለሁለት ሲሆን አርባ አምስት ይሆናል።»

«አየህ? ገና ሳልገባ ግማሹን በላሁብህ።» ሳቀች፤ የሳቀችው ግን እንዳታለቅስ ነው። «ወንድሜ ሲሰድብህ ዝም ያልኩት ውሸቱን ይሁን እውነቱን ስላላወቅኩ ነው። አሁንም አላወቅኩም።»

ጃንጥላዋን አንስታ ወጣች።

ዝናቡ ከእሁድ ጀምሮ ሦስት ቀን ሙሉ ወረደ። ወንዙ ዳር ያለው ዋናው የውሃ መስመር ተሰበረ። ሄዶ አይቶታል፤ ለጥገናው ሁለት ሳምንት እንደማይበቃ ከመሐንዲሶቹ ቀድሞ አወቀ። ሰፈሩ ሁሉ ቧንቧ ከፍቶ ንፋስ ያዳምጣል።

እሱ ጓዳው ውስጥ ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ የተሰናዳላት ቀን መጣች፤ ሊኮራ ይገባው ነበር። አልኮራም። እሷስ ምን ትጠጣ ይሆን? ጀሪካኖቹን ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።

ውሃ በጠፋ በአራተኛው ቀን ጠዋት በሩ ተንኳኳ። «ወንድሜ፣ አለህ? ለሕፃኗ አንዲት ኩባያ ብቻ…» የጎረቤቱ ድምፅ ነው።

አልተንቀሳቀሰም። ኮቴዋ ራቀ።

ያኔ የገዛ በሩ ቀለም ትዝ አለው። ሰማያዊ ነው።

በሩን በርግዶ ሴትዮዋን ከመንገድ መለሳትና አንድ ሙሉ ጀሪካን ሰጣት። ከዚያ ጋሪውን ስድስት ጀሪካን ጭኖ ወደ ስፌት ቤቱ ገፋ። መንገዱን ሙሉ ፍርሃቱ አብሮት ሄደ፤ ዝናቡ ቢመለስስ? ጥገናው ወር ቢፈጅስ?

ስፌት ቤቱ በር ላይ ባዶ ዕቃ የያዘ ሰው ተሰልፎ የውሃ ቦቴ ይጠብቃል። ርእሰ መምህሩም ባልዲ አንጠልጥሏል።

«ኧረ! የአይጥ ጉድጓድህ ሞልቶ ፈሰሰ እንዴ?»

ቧንቧ ሠራተኛው የመጀመሪያውን ጀሪካን አውርዶ ልብስ ሰፊዋ ፊት አኖረ።

«የስንት ቀን ነው?» አለችው።

«አልቆጠርኩትም።»

እየዋሸ እንደሆነ ገባት። የቀሩትን አምስት ጀሪካኖች አብራው አወረደች።

«ቤት የቀረውስ?»

«እሱንም ላመጣው ነው። ሁሉንም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፈርቻለሁ ግን። በጣም ነው የፈራሁት።»

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ጣለችና የጋሪውን አንድ እጀታ ያዘች።

«አንቺ! ወዴት ነው?» አለ ወንድምየው።

«ወደ ቤቴ፣ ጋሼ። ውሃ ላመጣላችሁ።»

ርእሰ መምህሩ ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «አንተ ሰውዬ፣ ምን አቅምሰሃት ነው? አንተ ለእሷ ምኗ ነህ?»

መልስ ነበረው። ከዚያች ማክሰኞ ጀምሮ ሲያዘጋጀው የከረመው፣ አንዱ ከአንዱ የሚመር መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ።

«ግፋ እንጂ» አለችው ከጎኑ፣ «ሰው ጠምቶታል።»

መልሱን ትቶ ጋሪውን ገፋ።