ምላስ ሥር

«አፍህን ክፈት። ምላስህን አንሳ።»

በአእምሮ ሕክምናው ክፍል ኪኒን የወሰደ ሁሉ አፉን ለነርስ ያሳያል። ደብቆ የሚተፋ አይጠፋምና። ነርሷ ጎንበስ አለች። ከታማሚው ኢንጂነር ምላስ ሥር፣ ካልተዋጠው ኪኒን ጎን፣ ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ ነበረች።

በጓንቷ ሁለቱንም አውጥታ ኪሷ ከተተቻቸው።

«ጎበዝ» አለችው፣ ሌሎቹ እንዲሰሙ።

ነርስ አይደለችም። የስለላው መሥሪያ ቤት «ቅጠል» ይላታል። ከምላሱ ሥር ያወጣችው ካርድ ላይ ከመሣሪያ ግምጃ ቤት የተዘረፈው በሙሉ በፎቶ አለ። ኢንጂነሩ ዓይቶ እንዳላየ አልሆንም ቢል፣ ሌቦቹ አብዷል ብለው እዚህ ጣሉት። ማንንም አያምንም ነበር። እሷን ያመናት አልጋው ሥር ቁጭ ብላ ስላዳመጠችው፣ ኪኒኑንም እየሸሸገች አእምሮውን ስላጠራችለት ነው። አብረን እንወጣለን ብላዋለች። እሷም የምር አስባው ነበር።

ጓሮ በር ላይ አንሶላ የሚያመላልሰው መኪና ሞተሩ ተነሥቶ ይጠብቃል። ካርዷን ለሾፌሩ አቀበለችው። ሾፌሩ ፊቷን አላየም።

«አጎት ‹ሰውየው እዚሁ ይቅር› ብሏል» አላት።

አጎት አለቃቸው ነው።

«ቃል ገብቼለታለሁ እኮ።»

«አጎት ከሌቦቹ ጋር ታርቋል። ካርዷን የሚፈልጋት እንዳይከዱት ነው። እምቢ ካልሽ ቀጣዩ አልጋ ያንቺ ነው።»

መኪናው ሄደ። ዞር አለች።

ኢንጂነሩ ጫማውን አድርጎ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።

ሁሉንም አይቷል።

«ሰላይ ናት! ማስረጃዬን አሳልፋ ሰጠችብኝ!»

ነርሶቹ ሮጠው መጡ። ዘበኛው ሳቀ፤ ባለፈው ሳምንት ሌላው ታማሚ እሱንም ሰላይ ነህ ብሎት ነበር። እትዬ፣ የነርሶቹ አለቃ፣ ትከሻውን ደገፍ አደረጉት።

«አውቃለሁ ወንድሜ። አውቃለሁ።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ፦ «ክንዱን ያዢልኝ።»

ያዘችው። መርፌው ገባ። ምላሱ እየከበደ፣ «አብረን ነው ያልሽኝ፣ ሲስተር» አላት።

እትዬ እጃቸውን እየታጠቡ ምን ቃል ገብታለት እንደሆነ ጠየቋት። «ምንም» አለች። ያመኗት አይመስሉም፤ ግን ደክሟቸዋል።

«ኪኒኑን ሲተፋው ከርሟል ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ በመርፌ ነው።»

በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ሸሽጋ የከረመችው እሷ ናት።

ከሰዓት በኋላ፣ ሌላ ስም የያዘ መታወቂያ ቦርሳዋ ውስጥ አድርጋ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያለው ሰውዬ አንቀላፍቷል። ኪሷን ስትፈትሽ ኪኒኑን አገኘችው። አፏ ውስጥ ከተተችው።

አፍሽን ክፈቺ የሚላት አልነበረም።