ክዳን ላይ የተጻፈ ቁጥር

«ክዳኑ ላይ የጻፈችው ማናት?» አሉ መምህርቷ፣ ጀርም የሚራባበትን አንዱን የመስታወት ሳህን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው።

ቤተ ሙከራ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ይህንኑ ነው፤ ቁጥር የሚጻፈው ሳህኑ ቂጥ ላይ ነው። ክዳን ይቀያየራላ! ይኸው ተቀያይሮ፣ መድኃኒት የነካው ጀርም የቱ እንደሆነ፣ ያልነካው የቱ እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። የሁለቱ ተማሪዎች የወር ልፋት ገደል ገባ።

እናቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ዶክተሬ» የምትላት ልጅ ጓደኛዋን አየቻት። ቁጥር መጻፉ የጓደኛዋ የቅመም ድርሻ ነበር። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አልተለያዩም።

ቅመም ጉሮሮዋን ጠረገች። «እሷ ናት» አለች፣ በአገጯ ወደ ዶክተሬ እያሳየች።

ዶክተሬ ክው አለች።

መምህርቷ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። «ነገ የበሽተኛ ደም ነው የምትይዢው፣ የኔ ልጅ» አሉ። «በእረፍቱ ለልምምድ ሆስፒታል የምልካት ደግሞ አንዳችሁን ብቻ ነው።» ቢሯቸው ገቡ። ሕክምና ለመግባት ያ ልምምድ ስንቱን እንደሚያስከነዳ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ምን አድርጌሽ ነው?» አለች ዶክተሬ።

«ደንግጬ ነው ባክሽ። አባዬን ታውቂው የለ? ካልተመረጥኩ ቤቱን ነው የሚገለብጠው። አንቺ ቀለሜዋ መቼም ቦታ አታጪም።» ቅመም ወደ ሳህኖቹ ጠጋ አለች። «ደሞ ቀላል ነው። ጀርም የበዛበትን መድኃኒት የሌለው እንበልና ክዳኑን እናስተካክል። ማን ያውቃል?»

ዶክተሬን ያሳረራት የቅመም ውሸት ብቻ አልነበረም፤ አሁንም ጓደኛዋ አብራት እንደምትዋሽ ቅመም እርግጠኛ መሆኗ ነው።

«ባይሠራስ?» አለች።

«ምኑ?»

«መድኃኒቱ። እኛ ይሠራል ብለን ሰው ቢውጠውስ?»

«ኧረ አታካብጂ! የተማሪ ሙከራ ነው።»

ዶክተሬ ሳህኖቹን እንዳሉ ትሪው ላይ ደረደረች። «ነይ፣ አብረን እንንገራቸው።»

ቅመም ስልኳን አውጥታ መነካካት ጀመረች። ዶክተሬ ትንሽ ጠበቀቻት። እንደማትመጣ ሲገባት ትሪውን ይዛ ወጣችና የመምህርቷን በር በክርኗ አንኳኳች።

«መምህር፣ ክዳኑ ላይ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም» አለች። «ግን ውጤቱ አይታመንም። ከፈቀዱልኝ ብቻዬን እንደገና ልጀምረው።»