አንድ ዝናብ በሁለት ስልክ

ኪሩቤል በዝናብ እያሳበበ ሽማግሌ መላኩን ሁለት ጊዜ ሲያራዝምብኝ አመንኩት። አባቴ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ደቅ ደሴት ላይ ድጓ ያስተምራሉ፤ እሳቸው ዘንድ የሚያደርሰው ጀልባ ብቻ ነው። በግንቦት ደግሞ የጣና ጠባይ አይታመንም።

ሦስተኛው ቅዳሜ ግን ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ለብሰው ባሕር ዳር ወደብ ላይ ቆመው ሳለ፣ ስልኩን አየና «ዛሬም አይሆንም» አለ። ሰማዩ ላይ ያለው ጥቂት ደመና ነው። እኔ ደግሞ ጠርጥሬ፣ እሱ የሚያየውን የአየር ትንበያ አፕ በስልኬ ጭኜ ነበር። የኔው ላይ ሐይቁ ሳሳ ያለ አረንጓዴ ነው፤ ቀላል ዝናብ ማለት ነው።

ስልኩን ተቀበልኩት። የሱ ጣና ከዳር እስከ ዳር ቀይ፣ ከባድ ዝናብ! የሚመቸውን ካርታ መርጦ እያታለለኝ ነው ብዬ ልቤ ተቃጠለ። አፑ ለካ ሁለት ዓይነት ትንበያ አለው፤ እሱ የአውሮፓውያኑን፣ እኔ የአሜሪካኖቹን ነበር የምናየው። ወደሱ ብቀይረው የኔም ቀላ። ከካርታው ግርጌ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው። የኔ የአንድ ሰዓት ዝናብ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር፤ የሱ የሦስት ሰዓት ድምር፣ ስድስት። ያው አንድ ዝናብ ነው።

«ተደምሮ ነው የቀላው። ይህን አላየህም?»

ስልኩን ከእጄ ወስዶ ኪሱ ከተተ።

«ኪሩቤል፣ ልትተወኝ ነው?»

«አልዋሸሁሽም፣ ዜማ። ድምር መሆኑን አላወቅሁም። ግን... ቀይ ሲሆን ደስ ይለኝ ነበር።»

አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። እኔ ባሕር ዳር አክስቴ ቤት ስማር፣ እሱ ደቅ ላይ የአባቴ ተማሪ ነበር። አንድ ቀን ትምህርቱን ትቶ፣ ሳይሰናበትና ሳይመረቅ በታንኳ ተሻግሮ ጠፋ። አሁን የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነው።

«ስሜን ሲሰሙ እምቢ ይላሉ። አንቺን አጣሁ ማለት ነው።»

ሳምንቱን ሙሉ በሐሳቤ ሌላ ሴት ስፈልግለት ከርሜያለሁ፤ ለካ የሚሸሸው አባቴን ኖሯል። ተናደድኩም፣ አሳዘነኝም። «ውጣ ጀልባው ላይ» አልኩት።

የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ አንዳርጋቸው ከለከሉን። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር ሄዶ አያውቅም አሉ።

«እንደ ሙሽራ አይደለም የሚሄድ» አልኳቸው፤ «እንደ ተማሪ ነው። እኔም ወደ ቤቴ ነኝ።»

መንገድ ላይ ዘነበብን፤ ጋቢ የሚያረጥብ ያህል ብቻ። ደቅ ስንደርስ ኪሩቤል ቀድሞን ሄዶ አባቴ እግር ላይ ወደቀ።

«የኔታ፣ ሳልሰናበትዎ የሄድሁት ኪሩቤል ነኝ።»

አባቴ ትኩር ብለው አዩት። እምቢ ሊሉ ነው ብዬ ጠጋ አልኩ።

«ስምንት ዓመት ያለ ምርቃት ኖርህ?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«በል ተነሥ፤ መጀመሪያ ልመርቅህ።»

እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው ዕድሜውን መረቁ፤ ሥራውን መረቁ። ከዚያ ቀና ብለው ባለ ጋቢዎቹንና እኔን እያዩ «ትዳራችሁን ይባርክ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ገና አፋቸውን አልከፈቱም ነበር።